ሽማግሌዎቹ ለእኔ የመጡ ዕለት

ሐኪሙ «ቤተሰብ ይግባ» ሲል እናቴና አጎቴ ገቡ። እኔ ካርዴን ይዤ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ያመመው እጅ የእኔ ነው፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውም የእኔ ስም ነው። ያን ጊዜ ግን ይህ አልገረመኝም። እንዲያውም እፎይ ነው ያልኩት። ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት ተቀምጬ «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ስባል ምላሴ ይተሳሰር ስለነበር፣ ሌላ ሰው ስለ እኔ ሲናገርልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሲወጡ እናቴ ፊቷን ታጥባለች፤ የነጠላዋ ጫፍ ርሷል። አጎቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሕፃናት ክትባት ማስታወቂያ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። አጎቴ ልጅ የላቸውም።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ጅማት ነው» አለች እናቴ። «ከሥራ ብዛት የመጣ ነው። ምናልባት ትንሽ ኦፕራሲዮን ያስፈልገው ይሆናል ነው ያሉት። አያስቸኩልም።»

ሁዳዴ ከገባ ሳምንት አልሞላውም ነበር፤ ሰዓቱም ገና ረፋድ ነው። እናቴ ግን የሆስፒታሉ በር ላይ ካለችው ሱቅ ለስላሳ ገዝታ ከፍታ ሰጠችኝ።

«ጾም አይደል እንዴ?» አልኳት።

«ጠጪ፣ አንቺን አይመለከትም።»

እናቴ ትኩሳት ይዞኝ እንኳን ጾም አስፈታኝ አታውቅም። ቆማ እስክጨርስ ድረስ አየችኝ። ጠርሙሱን መልሼ ለባለሱቁ እስክሰጥ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሳችም።

ሐኪሙ የነገራቸውን እኔ የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። መዳፏ ውስጥ ያለው ካንሰር ነው ብሏቸዋል። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ዓይነት ነው፤ ወጣቶችን ይወዳል፤ እጅ ላይ ይጀምርና ዝም ብሎ፣ ሳያስጮህ፣ በክንድ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። አሁን ከእጅ አንጓዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቆረጥ የመዳን ተስፋ አላት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዛችኋት ኑ። እነሱም «እሺ ዶክተር፣ እኛ እንነግራታለን» ብለው ወጡ።

ቤታችን ቃሊቲ ነው፣ ከማረሚያ ቤቱ ብዙም አይርቅም። እናቴ እዚያ በር ላይ በቆርቆሮ ኪዮስክ ለጠያቂዎች ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። አባቴ ሲሞት እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዓመቱን ጨርሼ ትምህርት አቆምኩ። ዕድሜዬ ሲፈቅድ አቃቂ ካሉት የክር ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። ማሽኑ ሳይቆም ሁለቱን ጫፍ ትይዣለሽ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ትጠቀልያለሽ፣ ትስቢያለሽ፣ ትርፉን ትበጥሻለሽ። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። እኔ በአፌ የማልረባ ብሆንም በጣቴ ግን ማንም አይቀድመኝም ነበር። አዲስ ሴት ስትቀጠር አለቃችን «እሷ ጋ ቁሚና እጇን እዪ» ይላት ነበር። በሕይወቴ ሰው እንዲያየኝ የፈለግኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እብጠቷ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ መዳፌ ላይ ነው የወጣችው። ሽንብራ ታህላለች፤ ትጠጥራለች እንጂ አታምም። የክሩ ነው ብዬ ተውኳት። ኋላ ስታድግ አንድ ክሊኒክ «ስብ ነው» ብለው ቀደው አወጧት፤ ቁስሉ ግን አልገጥም አለ፤ በጎንና በጎኑ ሌሎች ሁለት በቀሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትልቁ ሆስፒታል የተላክነው። ሥጋ ቆርሰው ለምርመራ ወሰዱ፤ ውጤቱን ጠበቅን፤ መጣ። ወጉ እስከዚህ ድረስ የብዙ ሰው ወግ ነው። የእኔ የተለየው ከዚህ በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው መንገድ ላይ ከሆነ ገብቶ እስኪያርፍ፣ ተማሪ ከሆነ ፈተናው እስኪያልፍ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትገላገል ይጠበቃል። ቀኑ ሲቆረጥ ደግሞ በዋዜማው ጥሩ እራት ይበላል፤ ሌሊቱን ይተኛል፤ ሽማግሌዎች ማልደው ይመጡና ከሩቅ ጀምረው ይነግሩታል። የሚይዘው ሰው ከጎኑ ይቀመጣል። እናቴ የዚህን ጥበብ ኪዮስኳ ውስጥ በየሳምንቱ ታያለች። ስንቅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ጥቁር ልብሳቸውን እናቴ ዘንድ አውልቀው፣ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው፣ ፈገግ ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ እስረኛው ልጃቸው የአባቱን ሞት እንዳያውቅ። ሲወጡ እዚያው ጥቁሩን መልሰው ይለብሳሉ። እናቴ አበባ ያለበት አንድ ትርፍ ቀሚስ ለዚሁ ብላ ምስማር ላይ ሰቅላ ነበር።

የእኔንም ነገር በዚሁ ደንብ ያዘችው። ለእሷ ካንሰር ማለት መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ ቀንና ሰው ይፈልጋል።

አጎቴ ወደ እድራችን ዳኛ ሄዱ። እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ምድር ባቡር የሠሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። ከዚያ እኛ ቤት ተሰበሰቡ፤ እኔ ፋብሪካ ነበርኩ። የተባባሉትን ኋላ የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሰርጓ ለዳግማ ትንሳኤ ተቆርጦ፣ ድንኳን ተከራይተን፣ ጥሪ ተበትኖ ነበር።

«ከአንድ ቤት እንዴት ዘፈንና ለቅሶ ይወጣል?» አሉ የእድሩ ዳኛ። «ሰርጉ ይለፍ።»

«ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ነው ያለው» አለች እህቴ። ይህን ማለቷን አምናታለሁ።

«ሐኪም ሲያጣድፍ ነው የሚኖረው» አሉ አጎቴ።

«እኔ አርባ ዓመት ባቡር ላይ ስሠራ አንድ ቀን በሰዓቱ የደረሰ ባቡር አላየሁም» አሉ ዳኛው። «ግን ሁሉም ደርሷል።»

ሳቁ አለችኝ እህቴ። እናቴም ሳይቀር ሳቀች፤ ከሆስፒታሉ ከወጣች የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የማየው ጫፍ ጫፉን ነው። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ይላሉ፤ ውሃ ሳቀርብላቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው «ተባረኪ» ይሉኛል። ከጎናችን ያሉት እትዬ፣ በበር ሲያልፉ ሰላምታ እንኳን የሚሰስቱት፣ የሱፍ ፍትፍት በሳህን ይዘውልኝ መጡ።

«ብዪ የኔ እናት፣ ብዪ። አካል ይሁንሽ» አሉና ጉንጬን ሳሙኝ። «አይ ቁንጅና! አይ ጣት! ምነው እስከዛሬ አላየሁሽም?»

እናቴ ደግሞ ለሰርጉ ብላ ቀሚስ ገዛችልኝ፤ ውድ፣ ከእህቴ የመልስ ልብስ የሚበልጥ። እጅጌው ረጅም ነው።

ሽማግሌ ከመጣ፣ ሹክሹክታ ከበዛ፣ ጎረቤት ድንገት ከወደደሽ፣ እናትሽ ቀሚስ ከገዛችልሽ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ሃያ ዓመቴ ነበር። ለጋብቻ ተጠይቄያለሁ አልኩ።

ማን እንደጠየቀኝም አውቄያለሁ። ፋብሪካችን ውስጥ አንድ መካኒክ ነበር። ማሽኔ ሲቆም እሱ ነው የሚመጣው፤ ማሽኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቆማል።

«አንቺ ልጅ» አለኝ አንድ ቀን ከሥሩ ተንጋሎ፣ «ይሄ ማሽን ነው የሚበላሸው ወይስ አንቺ ነሽ የምታበላሺው?»

ሴቶቹ አውካኩ። «ማሽኗ ሐኪም ለምዳለች!» አለች አንዷ። «ጓደኛዬ፣ መርፌ ውጋልኝ በዪው እንጂ!»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ተነሥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሻይ የሚሸጡት እናትሽ ናቸው አይደል? አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ሴት ናቸው» አለኝ። በቃ፣ ይህችን ነው ያለኝ። እኔ ከዚህች ቃል ቤት ሠራሁ። እናቴን የጠቀሰው ወላጆቼ እነማን እንደሆኑ ሊያጣራ ነው አልኩ። ነገሩ ለእኔ ያልተነገረኝ ደግሞ ታላቄ ሳትዳር የታናሽ ነገር ስለማይነሣ ነው አልኩ። ሰርጉ ይለፍ እየተባለ ሲሾከሾክ በጓዳ በር ሰምቻለሁ፤ ልክ እንዳሰብኩት ሆነልኝ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ልጠይቅ? ሴት ልጅ ስለመጡላት ሽማግሌዎች አትጠይቅም። ሌላዋ ብትጠይቅ እንኳን እኔ አልጠይቅም።

አለቃችን ከማሽኑ አንሥቶ ወደ ማሸጊያ ክፍል ሲያዛውረኝ እንኳን አጎቴ ሄደው እንደነገሩት አልጠረጠርኩም። የሚያገባት ሰው አጠገቧ እየዋለ እንዳይታማ ነው አልኩ፤ የመካኒኩ ጨዋነት ደስ አለኝ።

በዚህ መሃል እጄ ይብስ ነበር። ከመዳፌ ወደ አንጓዬ፣ ከአንጓዬ ወደ ክንዴ አንድ አንድ ፍሬ እየሆነ ይወጣ ጀመር፤ ከቆዳዬ ሥር በክር የተሰካ ይመስላል። አንዳንዱ ፈንድቶ ይቆስላል። ሕመሙም መጣ። እኔ ግን ደበቅኩት። ቁስለኛ ሙሽራ ማን ይፈልጋል? ፋሻውን እኔው በግራዬና በጥርሴ እጠቀልላለሁ፤ ሹራብ ደርቤ እወጣለሁ።

«እጅሽ እንዴት ነው?» ትለኛለች እናቴ ጠዋት ጠዋት።

«ደህና ነው።»

«አያምሽም?»

«ኧረ ቀሎኛል።»

ፊቷ ያበራል። እኔ ደህና ነው ባልኳት ቁጥር እሷ ለልቧ ጊዜ ትሰጣለች፤ እሷ ዝም ባለች ቁጥር እኔ ሕልሜን አሳድጋለሁ። እንዲህ ሆነን ሁዳዴን ጨረስን። ብዙ ጊዜ በእነሱ ላይ ብቻ እፈርዳለሁ፤ ይቺን ስጽፍ ግን ብዕሬ ቆሟል። ክንዴን አንድ ቀን ገልጬ ባሳያት ኖሮ አጎቴም ዳኛውም አያቆሟትም ነበር።

ሰርጉ ደመቀ። ሙሽራው ሲወስዳት እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። «ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» ትለኛለች። ከእናቴ ጋር ጥላኝ ስለምትሄድ መስሎኝ «ግድ የለሽም፣ እኔም ብዙ አልቆይም» አልኳት በጆሮዋ። ጮኻ አለቀሰች። ሚዜዎቹ የሙሽራዋ ዕንባ ሜካፗን አበላሸው ብለው ጎተቷት።

ከዚያ መልስ ተደረገ፣ ቅልቅል ተደረገ። ሙሽሮች ቤታቸው ገብተው ሳይደላደሉ ክፉ አይነገርም ተባለና ሌሎች ሳምንታት ተጨመሩ።

ሃምሳው ሳያልቅ አንድ ዓርብ ማታ እናቴ ዶሮ ሠራች። በዓል አይደለም፣ እንግዳ የለም። ፈረሰኛውን እኔ ሰሐን ላይ አደረገችው። እትዬም ከቀትር በኋላ መጥተው ያለወትሯቸው ጸጉሬን ሹሩባ ሠርተውኝ ነበር። ነገ ነው አልኩ በልቤ። እንቅልፍ የወሰደኝ እየሳቅኩ ነው።

ጎህ ሲቀድ በር ላይ የወንዶች ሳል ሰማሁ። ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ ይስላል። አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ፤ ነጠላዬን በቀኝ በኩል አስረዝሜ እጄን ሸፈንኩ፤ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ልቤ ፋብሪካውን ሙሉ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ሆኖ ነበር።

«ነይ ልጄ» አሉ የእድሩ ዳኛ። ወጣሁ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ አጎቴ በር አጠገብ፣ እናቴ ከኋላዬ። እትዬ ደግሞ ከጎኔ መጥተው ተጠግተውኝ ተቀመጡ።

«ዛሬ የመጣነው አንቺን ብለን ነው» አሉ ዳኛው።

ራሴን ደፋሁ።

«የሰው ልጅ ለዚህ ዓለም እንግዳ ነው። እግዚአብሔር ይሰጣል፣ ይነሣል። የሰጠንን ስንቀበል የነሣንንም መቀበል አለብን። አይደለም ወይ?»

ሌሎቹ «ነው፣ ነው» አሉ። ሽማግሌ ነገር ከሩቅ ይጀምራል ብዬ ታገሥኩ።

«እናትሽም አጎትሽም መክረውበታል፤ እኛም መክረንበታል። ለአንቺ የሚበጅሽን ነው ያሰብነው። የቀረው የአንቺ ፈቃድ ብቻ ነው።»

የምመልሰውን ስንት ሌሊት ተለማምጄዋለሁ! «እናንተ እንዳላችሁ» አልኩ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነፈሱ። «አላልኳችሁም?» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ «የተባረከች፣ ጨዋ ልጅ ናት!» እናቴ ከኋላዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል። የደስታ ነው አልኩ።

«እንግዲያውስ ሰኞ አጎትሽ ሆስፒታል ይወስዱሻል» አሉ ዳኛው። «እጅሽን ይቆርጡታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዚአብሔር ነው።»

ቀና አልኩ። ሽማግሌ ፊት ቀና ብዬ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«የምን እጅ?»

«ቀኝ እጅሽን፣ ልጄ። ካንሰር ነው ብሏል ሐኪሙ።»

«መቼ ነው ያለው?»

አጎቴን አየኋቸው።

«ሁዳዴ የገባ ሰሞን» አሉ፤ ወደ መሬት።

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ፤ አላቆም አለኝ። እትዬ ትከሻዬን ጨምድደው «ውሃ! ውሃ አምጡ!» አሉ። ውሃው ተዘጋጅቶ ኖሯል፤ ወዲያው ፊቴ ላይ ተረጨ። ሳቄን የሰሙት ጎረቤቶች ጩኸት መስሏቸው ከደጅ ጎርፈው ገቡ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አግዳሚ ወንበሩ ከእድር ቤት መጥቶ ደጅ ላይ ተደርድሯል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር፣ የእኔን እጅ ሊያለቅስ ማልዶ ቆሞ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሌላ ነገር መስሎኝ ነው» አልኩ ትንፋሼ ሲመለስ።

«ምን መሰለሽ የኔ ልጅ?» አለች እናቴ።

አልነገርኳትም። እስካሁንም አታውቅም።

ሰኞ ሐኪሙ እጅጌዬን ሲሰበስብ እጁ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ከአንጓዬ እስከ ክርኔ፣ ከክርኔ በላይ እስከ ብብቴ በጣቱ እየነካ ሄደ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ሁለት ሳምንት ነበር ያልኳችሁ።»

«እንዳትደነግጥ ብለን ነው፣ ዶክተር። ሰርግም ነበረብን…»

«ሰርግ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአጎቴ ማስረዳት ጀመረ፤ እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ክንዴ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ። ብብት፣ ትከሻ፣ ሳንባ የሚሉ ቃላት ይደርሱኛል።

«ለእኔ ይንገሩኝ» አልኩ።

ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። ሐኪሙ አየኝ፤ ከዚያ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው አጎቴን አየ።

«እሳቸውን አይጠይቋቸው። እጁ የእኔ ነው።»

ነገረኝ። የበሽታውን ስም ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፤ ረጅም የፈረንጅ ስም ነው። ከክርኔ በላይ ስለተሻገረ ክንዴ ከትከሻዬ መነሣት አለበት አለ። ከዚያም መድኃኒት አለ፣ መድኃኒቱም ላይገኝ ይችላል፣ ቢገኝም ማረጋገጫ የለውም አለ።

«ያን ጊዜ ብመጣ ኖሮስ?»

ሐኪሙ በብዕሩ ጀርባ ክንዴ ላይ፣ ከአንጓዬ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀለም የሌለው መስመር አሰመረ።

«ከዚህ ነበር» አለ።

አጎቴ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ተነሥቼ አላጽናናኋቸውም።

ቆረጡት። ስለ ቀኑ ብዙ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ስነቃ የሌለው አውራ ጣቴ ያሳክከኝ ነበር። አጎቴ ለመድኃኒቱ ብለው ከተማውን ፋርማሲ በፋርማሲ አዳረሱት፤ አንዳንዱን ዙር አገኘን፣ አንዳንዱን ስንጠብቅ ቀኑ አለፈ። እትዬ የሠሩት ሹሩባ ከነጸጉሬ ረገፈ። በግራ መብላት ሳልደፍር እናቴ እያጎረሰችኝ ሁለት ወር ኖርኩ፤ አንድ ቀን ግን እጇን ገፍቼ በግራዬ ቆርሼ ጎረስኩ። ፊቷን አዞረች። ነውር ስለሆነባት ይሁን ስለከፋት አልጠየቅኳትም።

ከፋብሪካው ሴቶቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ ሲመጡ መካኒኩም አብሯቸው ነበር። «እህቴ፣ አይዞሽ» አለኝ። ስለ ማሽኔ አንድ ሁለት ቀልድ ሞከረ። ከዚያ ሚስቱ በደንብ ሰላም እንዳለችኝ ነገረኝ። ሁለት ልጆች አሉት። አንድ ቀንም ደብቆት አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

እናቴ ግን ለሰው ስታወራ ስለዚያች ጠዋት በኩራት ነው የምታወራው። «እንዴት በሥርዓት እንደተነገራት!» ትላለች። «እሷም እንዴት በጨዋነት እንደተቀበለች! ሳቀች እኮ!» ይህን ስሰማ ተነሥቼ እወጣለሁ። መደበቋን አይደለም ያልማርኳት፤ ይህን ኩራቷን ነው።

ባለፈው ዓመት ለክትትል ስሄድ ብቻዬን ገባሁ። እናቴ ከኋላዬ ብትመጣም ከበሩ መለስኳት። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ ሳይዞር፣ ሳያድበሰብስ ነገረኝ፤ እንዲህ እንዲያደርግ ቃል አስገብቼው ነበር። ግራ ሳንባዬ ላይ አንዲት ነጠብጣብ አለች። ትንሽ ናት። ልትወጣ ትችል ይሆናል፤ ሐሙስ ከቀዶ ሐኪሞቹ ጋር ያየኛል።

ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ተያይዘን ግቢውን አቋርጠን ወደ ታክሲው ሄድን። መንገዱ ሰው በሰው ነው። ለሳሪስ አቦ፣ ለቃሊቲ የሚጠሩ ይጮኻሉ። «ደህና ነው አሉ አይደል?» አለችኝ።

ቆምኩ። «ሳንባዬ ውስጥ ገብቷል» አልኳት።

አፏ ተከፈተ።

«እዚህ?» አለች። «ቆመን? ሰው እንዲህ ይነገረዋል? እህል እንኳን አልቀመስኩም… ማን እንዲይዘኝ ብለሽ ነው?»

ክፉ ደስታ ተሰማኝ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በጎኔ ይዤው የኖርኩትን የሳቅ ጩኸት፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ የተዘጋጀውን ውሃ፣ ሁሉን በአንድ ቃል የመለስኩላት መሰለኝ። ልትወድቅ ስትል ግን ደስታው የት እንደገባ አላውቅም። በግራ እጄ ብብቷ ሥር ገብቼ ያዝኳት። ከባድ ናት፤ አንድ ክንድ ሰው ለመያዝ አይበቃም፤ አብረን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ዘፍ አልን። ሰው ከበበን። አንዲት ሴት «ማን ሞቶባት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳት።

እናቴ ብዙ አለቀሰች። ስትጨርስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና ዞር ብላ አየችኝ፤ እጄን ሳይሆን ፊቴን።

«ኑ ያሉን መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ የእህትሽ ልጅ ክርስትና ነው» አለች። ወዲያው ደግሞ «ይነሣ፣ ያለ እኛም ይነሣል» አለች።

ሐሙስ ሄድን።